የማስተር ከድር ግራ እግር

አፍ ይዋሻል። ይዋሽ፣ ሥራው ነው። እኔን የሚያሳዝነኝ የእኛ ሰው ገላው ሳይቀር መዋሸቱ ነው። ርቦን ሳለ እጃችን ከትሪው ይሸሻል፣ "በቃኝ፣ ጠግቤያለሁ" ለማለት። ጉልበታችን እየቆረጠመን፣ ትልቅ ሰው ሲገባ እግራችን ሳናዘው "ኖር!" ብሎ ብድግ ይላል። ይሉኝታ የሚባለው ነገር አጥንታችን ውስጥ ገብቷል። እናንተ አልታዘባችሁም? እንግዲያውስ አሰላ መጥታችሁ የእኛን ስፖርት ቤት ማየት ነበረባችሁ።

ማስተር ከድር ቀን ቀን ቆርቆሮና ሚስማር ሲሸጡ ይውሉና፣ አመሻሽ ላይ ከሱቃቸው ጀርባ ባለው አዳራሽ ውሹ ያስተምራሉ። ስድሳን የተሻገሩ ሰው ናቸው። እኔ ለወገቤ ብዬ ነው የተመዘገብኩት፤ ቢሮ ተጎልቶ የዋለ ወገብ መጨረሻው አያምርም። እሳቸው ስለ ቡጢ ብዙ አያወሩም። "ኃይል ክንድ ላይ የለም" ነው የሚሉት። "ከተረከዝ ይነሳል፣ በጉልበት ያልፋል፣ ወገብ ላይ ይዞራል፣ እጅ መጨረሻው ነው። ትከሻችሁን አላሉት፤ ክብደታችሁን ለመሬት ስጡት።" ከዚያ እግራቸውን ከፈት አድርገው ይቆሙና "ኮቱ!" ይላሉ በኦሮምኛቸው፣ "ና፣ ግፋኝ።" እንገፋለን። ወገባቸውን ነቅነቅ ሲያደርጉ ፍራሹ ላይ እንዘረራለን።

መጀመሪያ ላይ እውነት ነበር፤ ግድግዳ የገፋሁ ነበር የመሰለኝ። ከጊዜ በኋላ ግን፣ ማን እንደጀመረው እንጃ፣ ገና ሲነቀነቁ መውደቅ ለመድን። ሽማግሌ ገፍቶ መጣል ነውር ነዋ! በዚህ ክረምት ደግሞ በግራ በኩል ስንገፋቸው ትከሻቸው ከእጃችን ሥር መላላት ጀመረ። ሁላችንም በመዳፋችን አውቀነዋል። ሁላችንም ዝም ብለን ቀድመን ወደቅን።

አንድ ቅዳሜ፣ ዝናቡ ጣሪያውን ሲደበድብ፣ መስከረም የምትባል ነርስ ልትማር መጣች። ከጎጃም ተመድባ የመጣች ቀጭን ልጅ ናት። ማስተር እንግዳ ያከብራሉ፤ ከሁሉም በፊት እሷን ጠሩ። ልማዳችንን የነገራት ሰው የለም። "ግፊኝ" ሲሏት ገፋቻቸው፣ በቃ። ግራ እግራቸው ከዳቸውና መሬት ላይ ዘጭ አሉ።

አዳራሹ በሙሉ ጮኸባት። "ምን ነካሽ አንቺ? አባትሽን እንዲህ ታደርጊያለሽ?" እሷ መቼ ሰምታን! ተንበርክካ "ሁለቱንም እጄን ይጨብጡኝ። እስቲ ፈገግ ይበሉ" አለቻቸው። ፈገግ አሉ፤ በግማሽ ፊታቸው ብቻ።

"አባባ፣ ይሄ እግር ከመቼ ጀምሮ ነው የሰነፈው?"

"ብርዱ መስሎኝ ነበር እኮ" አሉ፣ ወደ እኛ እያዩ። "ደግሞ ትናንት እንኳ ሁሉንም ጥያቸዋለሁ።"

ሁላችንም ጫማችንን ማየት ጀመርን።

ሆስፒታል ስናደርሳቸው ሐኪሙ ስትሮክ ነው አለ። ቀደም ሲል ቀለል ያለ መትቷቸው አልፏል፤ ያኔ ቢመጡና መድኃኒት ቢጀምሩ ይሄኛው ላይደርስ ይችል ነበር። ከተማው ያወራው ግን ሌላ ነው። "አንዲት ነርስ ገፍትራ ሽባ አደረገቻቸው" ተባለ። እኛስ? "ኧረ አይደለም" ለማለት አፍ ያወጣ ከመካከላችን አልተገኘም። ይኸው እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል።

ባለፈው እሁድ ተሰባስበን ልንጠይቃቸው ሄድን። ባለቤታቸው ደግፈው ከአልጋው አጠገብ አቆሟቸው። ማስተር በደህና እጃቸው ወደ ግራ ትከሻቸው አመለከቱን። "ኮቱ፣ ግፉኝ። እየተሻለኝ እንደሆነ ልወቀው።" በየተራ እጃችንን አስቀመጥን። ትንሽ ብንጫን ይወድቃሉ። በየተራ ወደ ኋላ ተንገዳገድን፤ አንዱማ ተንደርድሮ ከበሩ ጋር ተላተመ።

አንድ በአንድ አዩን። ዓይናቸው እንባ ሞላ።

"ያቺን ልጅ ጥሩልኝ" አሉ።

መጣች። ሰላምታ የሰጣት የለም። ባለቤታቸውን ይቅርታ ጠይቃ ፈቀቅ አደረገቻቸውና ትከሻውን ቀስ ብላ ጫን አለችው። ማስተር አልጋው ላይ ዘፍ አሉ።

"ገና ነው አባባ" አለቻቸው።

"ገና ነው?"

"ገና ነው። ግን ነገም መጥቼ አየዋለሁ።"

እጇን ጨብጠው አልለቅ አሉ። እኛ በሩ ላይ እንደተኮለኮልን "አይዞዎት ማስተር፣ በጣም በርትተዋል!" አልናቸው።