ሶስና የምትባል ሴት አላውቅም

ወጣት የፍቅር ዘፈን መድረስ አይችልም! የፍቅር ዘፈን የሚደርሰው ሚስቱ አኩርፋ የሄደችበት ሽማግሌ ብቻ ነው። ይህን የምላችሁ እንዲሁ አይደለም፤ ኦርጋን ያለ አስተማሪ የተማርሁ፣ ራሴን አስተምሬ፣ ራሴን ፈትኜ፣ ራሴን በማዕረግ ያስመረቅሁ ሰው ነኝ። በሰፈሬ በዓባይ ማዶም የተጣላ ባልና ሚስት ሁሉ እኔ ካልተጠራሁ አይታረቅም።

ታዲያ የእኔዋ የሺ አኮረፈች። እንግዶች የዓሣ ወጧን ሲያደንቁላት «እኔ ነኝ ያስተማርኋት» አልኋ! በማግስቱ ጓዟን ጠቅልላ በጀልባ ደቅ ደሴት፣ ወንድሟ መሪጌታ ቤት ገባች። ደንቡ ሽማግሌ መላክ ነው። ግን የሰፈሩ አስታራቂ እኔ፣ ሽማግሌ ልለምን?... ሞቼ ነው! ዘፈን እልካለሁ አልሁ።

ኦርጋኔ ላይ ተቀምጬ «የሺ ተመለሽ» የሚል፣ ልጆቹ ሶል የሚሉት ዓይነት፣ አንጀት የሚበላ ዘፈን ደረስሁ። ግቢዬ ውስጥ ተከራይቶ ለሚኖረው ለዘፋኙ ለናቲ ሰጠሁት።

አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሳለሁ ዜማዬ ተለቀቀ። ሹፌሩ እንባውን ይጠርጋል! እናንተዬ፣ አዝማቹ እስኪደርስ ማን ይታገሣል? ዘልዬ ወረድሁና በቀጥታ ወደቡ ጋ! ወደ ደቅ የሚሳፈረውን ሁሉ፣ ቄስ ሳልል ነጋዴ ሳልል፣ «ይህ አገር የሚያለቅስበት ዘፈን የእኔ ነው፤ ለየሺ ንገሩልኝ!» አልሁት።

መልሱ በተመላሽ ጀልባ መጣ።

«ጋሼ፣ እትዬ የሺ ዘፈኑን ሰምተው ‹ሶስና ማናት?› ብለዋል» አለኝ አንዱ ተሳፋሪ።

«የምን ሶስና?!»

ናቲን በሩ ላይ ያዝሁት።

«ጋሼ፣ ‹የሺ› ትንሽ የድሮ ስም ሆነብኝ... በሶስና ቀየርኩት።»

«ትዳሬን አፈረስኸው!»

«እርስዎ ባያወሩ ማን ያውቅ ነበር?»

ምን አማራጭ አለ? ሽማግሌ ለመንሁ። የተገኙት ከዚህ ቀደም ከሚስቶቻቸው ያስታረቅኋቸው ባሎች ነበሩ፤ ደስታቸውን መደበቅ እንኳ አልቻሉም።

ደቅ ደርሰን መሪጌታ ግቢ ተቀመጥን። «ሶስና የምትባል ሴት አላውቅም!» ብዬ ማልሁ።

«ዘፈኑ ያንተ ነው?» አለች የሺ።

«የእኔ ነው!»

«እንግዲያው ሶስናም ያንተ ናት። ወይ ሁለቱንም ውሰድ፣ ወይ ሁለቱንም ተው።»

«እህስ፣ ምን ይላሉ?» አሉ መሪጌታ።

በሕይወቴ እንደዚያ ሥራዬ ያማረበት ቀን የለም... ያንን ነው ተው የምባለው! አንዱ ሽማግሌ ጎኔን ጎሰም አድርጎ፣ «ኧረ ቶሎ በል፣ ጀልባዋ ልትሄድ ነው» አለኝ።

«ዘፈኑ... የእኔ ነው የሚል ቃል ዳግመኛ ከአፌ አይወጣም» አልሁ።

የሺ ጓዟን አነሣች። ስንመለስ ጀልባዋ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ፣ ፊቷን ወደ ሐይቁ አዙራ፣ አዝማቹን በቀስታ ስታንጎራጉር ሰማኋት። ሶስና በሚለው ቦታ የራሷን ስም እያስገባች!

እንግዲህ ቁጠሩልኝ፦ አገር አስለቅሻለሁ። ሽማግሌዎች ፊት ቀርቤ ሳልሞት ተመልሻለሁ። ሚስቴን ከነዘፈኗ አምጥቻለሁ። ቃሌንም አክብሬአለሁ፤ ከአፌ አንዲት ነገር አልወጣችም። ይህን ስለጻፍሁበት እስክሪብቶ ግን ያስማለኝ የለም።