ጋሼ ሰብስቤ፣ ሩማንያዊው አማካይና ያልገባው ጥላ

አርሴናልን ስለሚደግፍ ብቻ ራሱን ከሰማዕታት የሚቆጥር ሰው በየከተማው አለ። ይህ ሰው ጋሼ ሰብስቤን አያውቅም። የእኛ ሰው በሰፈረበት አገር ሁሉ፣ ዓለም የረሳውን አንድ ተጫዋች ብቻውን ተሸክሞ የሚዞር አንድ ሰው አይጠፋም። የሚደግፈው ቡድን አይደለም፤ ሰው ነው፤ ያም ሰው ዋንጫ በልቶ አያውቅም፣ ይበላል ተብሎም አይጠበቅም። ኮሎምበስ ኦሃዮ ላይ ይህ ሹመት የጋሼ ሰብስቤ ነው። ሽልማቱ ስቃይ ነው፤ ለእሱም፣ አጠገቡ ለተቀመጠም።

አጠገቡ የተቀመጥኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ጠዋት ጠዋት ከሰፈራችን ከሂልቶፕ ተነስተን ሂሊያርድ ወዳለው የምንሠራበት ዌርሃውስ የምንሄደው በእኔ መኪና ነው። መንገዱ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ቀበቶውን ሳያስር «ስማ ታዴ» ይላል፤ ከዚያ በኋላ እኔ የምናገርበት ክፍተት የለም።

ተጫዋቹ ዶሪን ብራዴያን ይባላል፤ ሩማንያዊ የመሐል ሜዳ ተጫዋች ነው። ስሙን ሰምታችሁት ከሆነ ከጋሼ ሰብስቤ ነው የሰማችሁት። ሠላሳ ሦስት ዓመቱ ነው፣ የሁለት ልጆች አባት ነው፣ ከፊት ፀጉሩ ሸሽቷል። ጋሼ ሰብስቤ ዘንድ ግን ስሙ «ልጁ» ነው።

የት ተዋወቁ ላላችሁ፣ በአጥር ነው። የዛሬ አሥራ አምስት ዓመት ጋሼ ሰብስቤን ከሊቢያ ያወጡት ሰዎች ሩማንያ ውስጥ ቲሚሾዋራ በሚባል ከተማ የስደተኞች ማቆያ አስገቡት፤ የአሜሪካ ጉዳዩ እስኪያልቅ ስድስት ወር እዚያ ተቀመጠ። ከማቆያው ጀርባ የወጣቶች ቡድን የሚሠለጥንበት ሜዳ ነበር። ሌላው ስደተኛ ሲያለቅስና ካርታ ሲጫወት፣ ጋሼ ሰብስቤ አጥሩን ይዞ ኳስ ያይ ነበር። አንድ ቀን ኳሷ አጥር ዘላ መጣች፣ መልሶ ለጋት፣ ቀጭኑ ልጅ፣ ዶሪን፣ እጁን አንስቶ «ሜርሲ» ብሎ አመሰገነው። ሁለቱ በሕይወታቸው የተነጋገሩት ይህንኑ ነው።

ነገሩ በዚህ ቢቆም ደግ ነበር። ጋሼ ሰብስቤ ግን ስለት ተሳለ። ልጁ አንድ ቀን፣ አንዲት ደቂቃም ብትሆን፣ ለአገሩ ብሔራዊ ቡድን ከተሰለፈ ለገብርኤል ጥላ ሊያስገባ ቃል ገባ። አሜሪካ እንደገባም በመጀመሪያ ደመወዙ፣ ገና ፍራሽ ሳይገዛ፣ ከአዲስ አበባ ባለ ወርቅ ዘርፍ ጥላ አስመጣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ጥላው እስከ ዛሬ በላስቲክ እንደተጠቀለለ የሚስቱ የእትዬ ዓለምነሽ የልብስ ክሎዜት ውስጥ ቆሟል። እትዬ ዓለምነሽ ካፖርታቸውን ወንበር ላይ ነው የሚያኖሩት። ባለቤታቸውን ስንት ጊዜ ለመኑት፦ ብሔራዊ ቡድኑ ይቅር፣ ዘጠና ደቂቃ ሙሉ ከተጫወተ ይበቃል ብለህ ስለቱን አሻሽለው። ከገብርኤል ጋር ድርድር የለም አላቸው።

እስቲ የልጁን የሥራ ዘመን ላሳጥርላችሁ፤ ለእኔ ያሳጠረልኝ አልነበረም።

ለክለቡ ዋና ቡድን መጀመሪያ የገባው በሰማንያ ስምንተኛው ደቂቃ ነው። ኳስ አራት ጊዜ ነካ። የልጁ አምባሳደር ጋሼ ሰብስቤ ለዚህ ዶሮ አሠርተው ሰው ጠሩ፤ ወንበር ስላልነበራቸው እንግዳው ቆሞ በላ። በሦስተኛው ዓመት የብሔራዊ ቡድኑ አሠልጣኝ ሊያየው ስታዲየም መጣ፤ ልጁ በዘጠነኛው ደቂቃ የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። በማግስቱ ጋሼ ሰብስቤ ሥራ ላይ አነከሰ። ሱፐርቫይዘሩ ደንግጦ የአደጋ ፎርም ሰጠው፤ ጉዳቱ እንዴት ደረሰ ለሚለው ጥያቄ የሞላው መልስ ቢሮው ውስጥ አሁንም በክብር ተለጥፏል።

ከዚያ በውሰት ተሰጠ፣ ከውሰት ተመለሰ፣ ቆጵሮስ ሄደ፣ ቆጵሮስም መለሰችው። በየነሐሴው «ዘንድሮ ታየዋለህ» እባላለሁ፣ በየግንቦቱ «ጉልበቱ ነው እንጂ» እባላለሁ። አንድ ዓመት እውነትም የብሔራዊ ቡድኑ የሠላሳ ሰዎች ዝርዝር ውስጥ ገባ። ጥላው ከክሎዜት ወጣ፣ ላስቲኩ ተፈታ፣ ለደብሩ አስተዳዳሪ ለቀሲስ ሩፋኤል ተነገራቸው። ዝርዝሩ ወደ ሃያ ሦስት ሲቀነስ ልጁ ከተቀነሱት አንዱ ሆነ፤ ጥላው ተመልሶ ተጠቀለለ። ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይህ ነው።

ጨዋታው ብዙ ጊዜ እሑድ ቅዳሴ ላይ ይውላል። ጋሼ ሰብስቤ ቤተ ክርስቲያን በስልክ አይደፍርም፤ ስለዚህ ስልኩን በር ላይ ጫማው ውስጥ ያስቀምጠዋል። በየሃያ ደቂቃው ቀስ ብሎ ይወጣና ጫማውን ያያል። እሱን የማያውቅ ምዕመን ጫማው እንዳይሰረቅ የሚሰጋ ነበር የሚመስለው። ለልጁ ጸሎት እንዲደረግ የክርስትና ስሙን ሲጠየቅ፣ ያለ ምንም ማመንታት «ወልደ ገብርኤል» ብሎ አጠመቀው።

ልጁ ሦስተኛ ዲቪዚዮን ወርዶ እንኳ ተቀያሪ ወንበር ላይ ሲቀመጥ፣ የጋሼ ሰብስቤ ልጅ ሳሌም «ዳድ፣ ፕሊስ፣ ጀስት ፒክ ሳምዋን ኤልስ» አለችው። ሌላ ሰው ምረጥ ማለቷ ነው። አንድ ቀን ሙሉ አኮረፋት።

ባለፈው ግንቦት ልጁ ጫማውን ሰቀለ። ዜናውን ክለቡ በአንድ መስመር አወጣው፤ አብሮ የተለጠፈው ፎቶ ደግሞ የሌላ ተጫዋች ነበር።

በማግስቱ ጋሼ ሰብስቤ መኪናዬ ውስጥ ገባ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ ዝም አለ። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘሁት ጸጥታ ነበርና አጣጣምኩት። በሁለተኛው ሳምንት ራዲዮ ከፈትኩ። በሦስተኛው ሳምንት ፍርሃት ፍርሃት አለኝ። እትዬ ዓለምነሽ ደውለው ምግብ እንደማይበላ ነገሩኝ። ቀሲስ ሩፋኤልም ያልደረሰ ስለት አይከፈልም፣ ጥላው አይጠበቅብህም፣ ነፃ ነህ ብለውታል። እሳቸው ሊያሳርፉት ነበር፤ እሱ ግን የተፈረደበት ያህል ሆኖ ወጣ።

አንድ ቀን ዌርሃውሱ ፓርኪንግ ላይ ሞተሩን አጠፋሁና አልወርድም አልኩት። አንድ የሩማንያ ኳስ ተጫዋች በጡረታ ስለወጣ ሰው እንዲህ ይሆናል ወይ ብዬ ተቆጣሁ። ጋሼ ሰብስቤ ወደ መስኮቱ ዞሮ ተናገረ።

«ኳሷን የመለስኩለት ቀን ሁለታችንም ውሳኔ እየጠበቅን ነበር» አለኝ። «እኔ የአሜሪካኖቹን ኢንተርቪው ጨርሻለሁ፤ እሱን ደግሞ አንድ ትልቅ ክለብ መጥቶ አይቶታል። አጥሩን ይዤ ገብርኤልን ለመንኩት። ከሁለታችን አንዳችንን እንኳ አሳልፍ አልኩት፣ ታዴ። ሁለታችንንም ማለት እየቻልኩ። ሁለታችንንም ብል የሚበዛ መሰለኝ።»

በሦስተኛው ቀን የእሱ ጉዳይ አለፈ፤ ትልቁ ክለብ ልጁን ሳይወስደው ተመለሰ። ጥላውን የተሳለው ያን ዕለት ማታ ነው፤ ደስ ብሎት ሳይሆን ደንግጦ፣ የተናገረውን ለማቃናት። ሂልቶፕ ያለው ቤቱ፣ ሳሌም፣ እትዬ ዓለምነሽ፣ ሁሉም ከዚያ ቀጭን ልጅ ድርሻ የተቆረሰ እየመሰለው አሥራ አምስት ዓመት ኖሯል።

እኔ ለሁሉም ነገር መልስ የማላጣ ሰው ነኝ። ጉልበት ጉልበት ነው፣ ማንም ጸለየ አልጸለየ ይበጠሳል ልለው ነበር። ያን ቀን ሁለታችንም አርፍደን ገባን። ስንት ጊዜ ስቄበታለሁ ብዬ አፈርኩ፤ ከማፈሬም በላይ አዘንኩ።

ስለት የምሳል ሰው አይደለሁም። በሚቀጥለው እሑድ ግን ጫማ ማስቀመጫው አጠገብ ቆሜ ለገብርኤል አንድ እስር ጧፍ ተሳልኩ። ከሰው ስህተት ተምሬያለሁና የጠበቃ ያህል ተጠንቅቄ ነው የተናገርኩት፦ ይህ ሰው ስለዚያ ልጅ እንደገና ከሂልቶፕ እስከ ሂሊያርድ ያሰልቸኝ፤ እሱም ሰላም ያግኝ፣ ልጁም ሰላም ያግኝ፣ ሁለቱም።

ሰኔ አለፈ፣ ሐምሌም አለፈ። ነሐሴ ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት ጋሼ ሰብስቤ መኪናዬ ውስጥ ገባ። ቀበቶውን አላሰረም።

«ስማ ታዴ» አለ።

ልጁ ትውልድ መንደሩ ገብቶ ከአሥራ ሦስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትን ማሠልጠን ጀምሯል። ጋሼ ሰብስቤ የመንደሩን ገጽ ሲያገላብጥ ፎቶውን አግኝቶታል፤ ወፍሯል አለኝ፣ ከሕፃናቱ ጋር ጭቃ ላይ ተቀምጦ ይስቃል፣ እንዲህ ሲስቅ አይቶት አያውቅም። ቅዳሜ የመጀመሪያ ጨዋታቸውን አድርገዋል።

«ስንት ለስንት?» አልኩት።

«ሰባት ለባዶ ተሸነፉ» አለ። «ግን መሐል ሜዳ ላይ አንድ ቀጭን ልጅ አለ። ዘንድሮ ታየዋለህ።»

«ተመስገን» አልኩ። ሰባት ጎል ገብቶባቸው ምን ተመስገን ያሰኛል ብሎ ተቀየመኝ። የሂሊያርድን መውጫ አልፌ ሄድኩ፤ እሱም አላየም፣ እያወራ ነበር። እሑድ ጧፉን አስገባሁ።