በልዩ ልዩ ላይ ያነሳሁት ብርድ

መኪና ያለው ሰው አያስቀናኝም። እውነቴን ነው። ቪላ የሠራም፣ ውጭ አገር ዘመድ ያለውም አያስቀናኝም። እኔን የሚያስቀናኝ የሚተኛ ሰው ነው። በተለይ ጠዋት፣ በተለይ በታኅሣሥ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ግድግዳ የምንጋራው ሰይፉ።

የኮንዶሚኒየምን ግድግዳ መቼም ታውቁታላችሁ። እኛ ኮዬ ፈጬ ጎረቤት ሲያስነጥስ «ይማርህ» የምንለው ከየአልጋችን ሆነን ነው። ሰይፉ ሥራው ላፕቶፕ ላይ ነው፤ ከቤት ሳይወጣ ይሠራል። ልጁን የግል ትምህርት ቤት ሰርቪስ ከደጃፍ ያነሳለታል። እኔ አቃቂ በሰቃ አንዲት ብየዳ ቤት አለችኝ፤ በርና መስኮት እሠራለሁ። ባለቤቴ ትዕግሥት ቂሊንጦ ፋብሪካ ነው የምትሠራው፤ ቅዳሜን ጨምሮ ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ትወጣለች። ስለዚህ የሁለተኛ ክፍል ተማሪዋን ሶሊን የማስነሳት፣ የማልበስ፣ የማብላትና የመንግሥት ትምህርት ቤቷ በር ላይ የማድረስ ሥልጣን ሙሉ በሙሉ የእኔ ነው።

ሥልጣን አልኩ እንጂ መከራ ነው። ኮዬ ድሮ ማሳ ነበር፤ ነፋሱ አሁንም ማሳ ይመስለዋል፣ ሕንፃ መሠራቱን የነገረው የለም። ሁለት ካልሲ፣ ሁለት ሹራብ፣ ከላይ ዩኒፎርም። ዩኒፎርሙ አልቆለፍ ይላል። የትምህርት ቤቱ በር ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋል፣ እኛ እንሮጣለን። አንድ ቀን ደብተሯን ባይ ፊደሎቹ ሁሉ ተንጋደዋል። ምነው ብላት «አባዬ፣ ጠዋት ጠዋት እጄ እምቢ ይለኛል» አለችኝ። አንጀቴን በላችው።

ቅዳሜ ግን አለችን። ቅዳሜ ደወል የለም፤ ብየዳ ቤቱንም አርፍጄ ነው የምከፍተው። ትዕግሥት ስትወጣ ሶሊ ትራሷን አቅፋ እኔ አልጋ ትገባለች። በረዶ የመሰለ እግሯን ሆዴ ላይ ትለጥፍና የሳምንቱን ወሬ ትዘረግፋለች፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ ማን የማንን ላጲስ እንደበላ። በሌላው ቀን ማታ ስገባ ወይ እሷ ተኝታለች ወይ እኔ ቆሜ አንቀላፋለሁ። እኔና ልጄ የምንተዋወቀው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ይቺን ያዙልኝ።

ታዲያ አንድ ቀን ደረጃ ላይ ሰይፉ ስልኩን አወጣና ከልጁ ትምህርት ቤት በቴሌግራም የደረሰውን አስነበበኝ። «ውድ ወላጆች፣ የወቅቱን ብርድ ከግምት በማስገባት ትምህርት የሚጀመረው ሦስት ሰዓት ላይ መሆኑን እናሳውቃለን» ይላል። ሰይፉ «ተመስገን፣ አንድ ሰዓት ተጨመረልን» አለኝ። እኔም ተመስገን አልኩ። አፌ ነው ያለው እንጂ ሆዴስ ሌላ ነበር።

በማግሥቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ የሶሊን ካልሲ እየፈለግሁ ሰይፉ ከግድግዳው ማዶ ያንኮራፋል። ያውም ረጋ ብሎ፣ እየተዝናና! ብርዱ የሁላችን አይደለም እንዴ? የእሱን ልጅ ሲበርደው የእኔን ይሞቃታል ያለው ማነው? «አሁን ይሄ እንቅልፍ ነው ድግስ?» እያልኩ ግድግዳውን በካልሲ መታሁት። ካልሲ ድምፅ እንደሌለው ያን ቀን ነው የገባኝ።

እግዜር ሲረዳኝ በዚያው ሳምንት እሑድ ሶሊ ትምህርት ቤት የወላጆች ስብሰባ ተጠራ። እኔ ስብሰባ ላይ የኋላ ወንበር ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ፊት ተቀመጥኩ። አጀንዳ አንድ ስለ ንጽሕና፣ አጀንዳ ሁለት ስለ ዩኒፎርም፣ አጀንዳ ሦስት ልዩ ልዩ። አገራችን ውስጥ ትልልቁ ነገር ሁሉ የሚመጣው ልዩ ልዩ ላይ ነው። እጄን አወጣሁ።

ተናገርኩ ነው የምላችሁ! ስለ ሳንባ ተናገርኩ፣ ስለ ጣት ተናገርኩ፣ ስለ ሕፃናት ዕድገት የማላውቀውን ሁሉ ተናገርኩ። ስለ ሰይፉ ብቻ ነው ያልተናገርኩት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም፤ ሁለት እናቶች ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ። የተቃወሙኝ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ ጋሽ ቶላ ብቻ ናቸው። የዚሁ አካባቢ ገበሬ ነበሩ። ይህ ግቢ የአባታቸው የሽንብራ ማሳ እንደነበር፣ ሽንብራው ይህንን ብርድ ችሎ ያፈራ እንደነበር ነገሩን። «ጋሽ ቶላ፣ ልጄ እኮ ሽንብራ አይደለችም!» አልኳቸው። እሳቸውም «እሷማ መቼ ሆነች? አንተ ነህ እንጂ ሳትቆላ የምትንጣጣው» አሉኝና ሰው ሁሉ ሳቀ።

ርዕሰ መምህሯ ጨዋ ሴት ናቸው። ጥያቄው ተገቢ ነው፣ ነገር ግን በየቀኑ አንድ ሰዓት ይጓደላል፣ የተጓደለውስ እንዴት ይሆናል ብለው ጠየቁ። ድል በእጄ ገብቷል፤ ማን ያስባል? ብድግ ብዬ «ይካካሳላ!» አልኩ። ጸሐፊው «ወላጁ ይካካሳል ብለዋል» ብሎ ከነሙሉ ስሜ ቃለ ጉባኤው ላይ አሰፈረው። ተጨበጨበ። ደስ እያለኝ ፈረምኩ።

ሰኞ ትምህርት ሦስት ሰዓት ላይ ተጀመረ። በዚያች በተጨመረች ሰዓት ልተኛ ብዬ ተሸፋፈንኩ። እንቅልፍ የለም! ሰውነቴ ለምዶ ኖሮ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ዓይኔ ፍጥጥ አለ። ሰይፉ ማዶ ያንኮራፋል፣ እኔ ተጋድሜ አዳምጣለሁ። ለካ ሰዓት ይሰጥሃል እንጂ እንቅልፍ የሚሰጥህ ኮሚቴ የለም። ሶሊ ግን ፀሐይ ወጥታ፣ እጇን ከኪሷ አውጥታ እየዘለለች ሄደች። እሱስ እውነት ነው፣ ለልጅ ጥሩ ነበር።

ዓርብ ጠዋት ላደርሳት ስሄድ በሩ ላይ ማስታወቂያ ተለጥፏል። «በወላጆች ጥያቄ መሠረት የተጓደለው ክፍለ ጊዜ ዘወትር ቅዳሜ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ይካካሳል።» ደግሜ አነበብኩት። ቅዳሜ! ያውም ሁለት ሰዓት! ቅዳሜ ብርድ የለም ያለው ማነው? ጋሽ ቶላ በሩን ተደግፈው ያዩኛል። አንዷ እናት «ወንድሜ፣ ምናለ ብርዱ አፍህን በያዘልን?» ብላኝ አለፈች። በቅሎ ገመዷን በጠሰች ቢሉ በራሷ አሳጠረች አሉ። እኔ የሰይፉን እንቅልፍ ላወርድ ተንጠራርቼ የብብቴን ጣልኩ።

በማግሥቱ ትዕግሥት እንደወጣች ሶሊ እንደ ልማዷ ትራሷን አቅፋ መጣች። እግሯን ሆዴ ላይ ለጠፈች። «ተነሽ» አልኳት። «አባዬ፣ ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ?» አለች። ነው አልኩ። «ታዲያ?» አለች። ምን ልበላት? አባትሽ ጎረቤቱ ሲያንኮራፋ ቀንቶ ቅዳሜሽን ፈርሞ ሰጠብሽ ልበላት? ካልሲዋን አለበስኳት። እስከ ደረጃው ድረስ እየተነጫነጨች መጣች።

ደረጃው ላይ ሰይፉ ጋቢውን ተከናንቦ በሩን ከፈተ። በቅዳሜ ምድር ምን ሆናችሁ ነው የምትንጫጩት፣ ቀሰቀሳችሁኝ እኮ አለ። ማካካሻ እንደሆነ ነገርኩት። ሶሊን አየ፣ ቦርሳዋን አየ፣ ወደ ውስጥ ልጁ ወደተኛበት ክፍል ዞር ብሎ አየ። ያንን አስተያየት አውቀዋለሁ፤ ስንት ቀን ስላጭ መስታወት ውስጥ አይቼዋለሁ።

«ቅዳሜም ያስተምሯቸዋል?» አለኝ። «የእኔ ልጅ ተጋድሞ የእናንተ ቅዳሜም ይማራሉ? በላ! የልጄ ትምህርት ቤት የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ ሳልናገር አልቀርም።»

እዚህ ላይ ደህና ጎረቤት ቢሆን ኖሮ ምን ይለዋል? «ተው ወንድሜ፣ ሂድና ልጅህን አቅፈህ ተኛ» ይለዋል። ምላሴ ላይ ደርሶ ነበር።

«ልዩ ልዩ ላይ አንሳው» አልኩት።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ቅዳሜ ንጋት ላይ ከግድግዳው ማዶ የማንቂያ ደወል ጮኸ። ቀጥሎም ሰይፉ ካልሲ ሲፈልግ ተሰማኝ። ብርዱ ያው ብርድ ነው፣ ቅዳሜያችንም አልተመለሰችም። ግን ምን ልዋሻችሁ፣ ያን ዕለት ሹራብ ሳልደርብ ነው የወጣሁት።