ቆጮ የማን ነው?

የምግቡን አገር ሳይወስን የማይጎርስ ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? ወላይታ ሶዶ ሞልቷል። የእኔው ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊው ወልዴ ነው፤ አባቱ ከጉራጌ የመጡ። እሁድ ከቸርች ስንመለስ ባለቤቴ ሙቿ የምንለውን የቆጮ ምግብ ታቀርባለች። ቆጮው በቅቤና በአይብ ታሽቶ ሲመጣ፣ ወልዴ እጁን ሳይታጠብ ክርክሩን ይጀምራል።

“እኛ ቆጮን ባናስተምራችሁ ምን ትበሉ ነበር?”

“እንሰቱ ከጓሮዬ ነው። አባትህ በኪሳቸው ይዘውት መጡ?”

“እስቲ ጨምሪልኝ፣ ይጣራል” ይላል ለባለቤቴ። በጉርሻ የሚጣራ ታሪክ የት አለ? ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነገሩ ለሚቀጥለው እሁድ ይቀጠራል።

ዘንድሮ ወልዴን ሴት ልጁ እኔ ዘንድ ኑር ብላ ሐዋሳ ወሰደችው። ሙቿው ያው ነው፣ ቅቤውም ያው፤ እኔ ግን እንደ በሽተኛ ቀማምሼ እተወዋለሁ። ትናንት አላስችል አለኝና ደወልኩለት።

“ወልዴ፣ ተሸነፍኩ። ቆጮ የናንተ ነው። ብቻ ና።”

 “ካመንክማ ምን ላደርግ እመጣለሁ?” አለኝ።

ደነገጥኩ። “ቀልዴን ነው፤ የወላይታ ነው” አልኩት።

“እንዲህ ተሳስተህማ አትቀርም። ለእሁድ እመጣለሁ።”

ዛሬ ገና ማክሰኞ ነው።