ጅማ የሌለ ነገር

ከተማ ሁሉ አንድ ጠበቃ አለው። ማንም አልሾመውም፣ ማንም አይከፍለውም፤ ለከተማው ክብር ግን ከከንቲባው ይልቅ እንቅልፍ የሚያጣው እሱ ነው። እንደ እሱ እምነት ዓለም ሲፈጠር መጀመሪያ ተሠርቶ ያለቀው የእሱ ሰፈር ነው፤ ሌላው አገር በተረፈው ጭቃ ተለሰነ።

የእኛ ጠበቃ ክቡር አቶ አባቦራ ናቸው። ጅማ መርካቶ ጥግ ባለችው ሱቃቸው ባለሦስት እግር በርጩማ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው ይሸጣሉ፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ እኛ ሥራ የፈታነውም ያልፈታነውም እዚያው በርጩማ ላይ ተቀምጠን እንሰማቸዋለን። የዕለት ስንቃቸው አንዲት ቃል ናት፦ «እሱማ ጅማም አለ።»

አንድ የአዲስ አበባ ዘመዳቸው ስለ አንድ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ሲያወራ፣ «እሱማ ጅማም አለ» አሉት።

«የት ጋ?»

«ሊሠራ ነው።»

ኪቶ ፉርዲሳ ካምፓስ የሚያስተምረው ከፈለ የባሕር ዳር ልጅ ነው። አንድ ቀን አገሩ ናፍቆት ስለ ጣና ሲተርክ፣ ክቡርነታቸው መሯቸውን አስቀምጠው በትዕግሥት አዳመጡትና፣ «ትልቅነቱን አልክድም» አሉት። «ግን ቦዬ ረግረግን አይተሃል? ዓይን ሊያየው የሚችለውን ያህል ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ውሃ ለማን ይሆናል?» ከፈለ ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ጣና በሹክሹክታ እንኳ አያነሳም። ይልቅ እሳቸውን አፍ የሚያስይዝ ነገር ፍለጋ ስንት ጊዜ ደከመ መሰላችሁ!

እንግዲህ ለእኚህ ሰው ነው ልጃቸው ረይሃና ደቡብ አሜሪካን ይዛላቸው የመጣችው።

ረይሃና ወፍ ታጠናለች። ስለ ረግረግ ወፎች በሚመክር ጉባኤ እንድትናገር ኮሎምቢያ ተጠርታ፣ ከጉባኤው በኋላ አባቷን ይዛ አገር ለማየት ቆርጣለች። እናቷ ከሞተች ወዲህ ያሳደጓት እሳቸው ናቸው፤ የመጀመሪያዋን ወፍም ቦዬ ዳር ትከሻቸው ላይ ሰቅለው ያሳዩዋት እሳቸው ናቸው። «ወይ ሁለታችን፣ ወይ ማናችንም» ብላለች፤ ለጋባዦቿ መልስ የምትሰጥበት ቀን ደግሞ ደርሷል።

ካርታውን ያላለቀ በርጩማ ላይ ዘረጋችው።

«ይኸውልህ አባ። መጀመሪያ ኮሎምቢያ፤ ተራራው ላይ ወጥተን ወፍ እናያለን።»

«ወፍ? ዛሬ ጠዋት ማን ነው የቀሰቀሰሽ?»

«ከዚያ ብራዚል። ትልቅ ረግረግ ነው። አዞ አለ፣ ጃጓር አለ፣ በግ የምታክል አይጥ አለች።»

«አዞና ጉማሬ ጊቤ ወርደሽ እይ። ነብር ካማረሽ ጌራ ጫካ ግቢ። አይጥ የትም አይጥ ናት፤ እነሱ ድመት ስለማያሳድጉ ነው የወፈረችባቸው።»

«መጨረሻ ፔሩ። ኩስኮ የሚባል ጥንታዊ ከተማ፣ ተራራ ላይ፣ ነገሥታት የኖሩበት።»

ክቡርነታቸው በመሯቸው ወደ ጅሬን፣ ወደ ቤተ መንግሥቱ ኮረብታ ጠቆሙ። «አባ ጅፋር ታዲያ ገደል ውስጥ ነበሩ?»

ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደቡብ አሜሪካ በሙሉ እዚሁ ጅማ ዙሪያ፣ ከሰቃ እስከ አጋሮ ባለው መንገድ ግራና ቀኝ ተደርድራ ተገኘች።

«እንግዲያውስ ጋሼ፣ ቪዛውን ለሰቃ ያስወጡ!» አለ ከፈለ። ሳቅን። ረይሃና ግን አልሳቀችም። ካርታዋን ጠቅልላ፣ «በቃ አልመጣም ብዬ እጽፍላቸዋለሁ» ብላ ሄደች።

ክቡርነታቸው ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ ዓይናቸው ግን ልጃቸው በሄደችበት መንገድ ላይ ቀረ። ልብ ብለን ስናይ የአንዱን በርጩማ እግር እንደ እርሳስ አቅጥነውታል። ስንት ዓመት ስናውቃቸው እንጨት ሲያበላሹ አይተን አናውቅም።

የዚያን ዕለት ማታ የሆነውን የነገረችን ረይሃና ናት። እራት ቀርቦ እጃቸውን ሳይሰዱ ብዙ ቆዩና፣ «ኢንተላ ኮ» አሏት፣ ልጄ ሲሉ። «የእነሱ ቢበልጥስ?»

«ምኑ?»

«ሁሉም። ዕድሜዬን ሙሉ ያወራሁት ምን ይውጠዋል? በምን ፊቴ ተመልሼ እዚያች ሱቅ እቀመጣለሁ?»

«አባ፣ እስከ ዛሬ ሳታይ ነው የፈረድከው። እስቲ አንዴ አይተህ ፍረድ።»

አሰቡት። «ዳኛ ሆኜ ኖርኩ እንጂ ምስክር አልነበርኩም በይኛ» አሉና እጃቸውን ወደ ገበታው ሰደዱ።

በማግስቱ መስማማታቸውን ያወቅነው በጆንያው ነው። ሱቃቸው በራፍ ላይ ጥሬ ቡና ሞልተው አፉን ሲሰፉ አገኘናቸው።

«ምንድን ነው ጋሼ?» አለ ከፈለ።

«ለኮሎምቢያ።»

«ለቡና አገር ቡና?»

«ኤዬ! ዘመዶቻችን እኮ ናቸው። ከእኛ ጫካ የወጣ ቡና ነው ባሕር ተሻግሮ፣ ወልዶ ከብዶ እዚያ የተቀመጠው። ከእናቱ ቤት መጥቼ ባዶ እጄን ደጁን ላንኳኳ? ዋላሂ አላደርገውም!»

ረይሃና ዘር የሚሆን ነገር ድንበር ላይ እንደሚወረስ ብታስረዳ፣ ብትለምን፣ ወይ ፍንክች። በመጨረሻ ተቆልቶና ተፈጭቶ በትንሽ በትንሹ እንዲታሸግ ተስማሙ። ጎረቤቱ ዱዓ አድርጎ ሸኛቸው። ደጃፉም ጭር አለ። ሰው መጥቶ ስለ ሩቅ አገር ቢያወራ፣ አወራ፣ አለቀ፤ የሚመልስለት የለም።

አንድ ከሰዓት የከፈለ ስልክ ጠራ፤ የቪዲዮ ጥሪ ነው። ተጋፍተን ከበብነው። ክቡርነታቸው ባርኔጣ አጥልቀው፣ ከኋላቸው ቡና የለበሰ ተራራ።

«ቡናችንን ቀመሱት!» አሉ ሰላምታ ሳያስቀድሙ። «አንድ ሽማግሌ ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣው። ሲገልጠው እንባ ነበረበት።»

«ጭሱ ይሆናል» አለ ከፈለ።

«ጭስ የለም፣ አንተ! ቡናው ነው!»

ተራራውስ? «እንደ አጋሮ ነው፣ ትንሽ ዳገት በዛበት።» ሕዝቡስ? «ማሻአላህ፣ ቁርጥ የእኛ ሰው።» ሳቃችንን እየዋጥን ነበር የምንሰማው። ከዚያ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ግን ዛሬ ጠዋት ረይሃና አንዲት ወፍ አሳየችኝ። አውራ ጣቴን ብታክል ነው። አበባ ፊት መጥታ አየር ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ክንፏ አይታይም፤ ወደ ኋላም ትበራለች። ትንፋሼን ውጬ አየኋት።» ወደ ስልኩ ጠጋ አሉ። «ሰዎች፣ እውነቱን ልንገራችሁ። ይቺ ጅማ የለችም።»

ይህችን ቃል ለመስማት ስንት ዓመት ጠብቀናል! እልል ማለት ነበረብን። ግን ከቤታችን ግድግዳ አንድ ድንጋይ የተነቀለ ያህል ክው ብለን ቀረን። እኔማ ስልኩን ባጠፉት ሁሉ ደስ ባለኝ።

ቀድሞ የተንፈራገጠው ከፈለ ነው፤ ያ የባሕር ዳር ልጅ፣ ያ አፍ ሊያስይዛቸው ሲለፋ የኖረ ሰው። ስልኩን አፉ ድረስ አስጠግቶ ጮኸ። «እንዴት የለችም ይላሉ ጋሼ! እኔ ግቢ አጥሩ ላይ፣ ቀዩ አበባ ላይ የምትመጣዋ ትንሿ የምታብረቀርቀው ወፍስ? ጠዋት ጠዋት አይደል እንዴ የማያት!»

«እሷንማ አውቃታለሁ» አሉ ክቡርነታቸው። «እሷ ቅርንጫፍ ይዛ ነው የምትጠጣው። ይቺ ሳትይዝ ነው።»

«ልዩነቱ ያ ብቻ ነው?»

«ያ ብቻ ነው።» ባርኔጣቸውን አስተካከሉ፤ ፊታቸው በኩራት በራ። «ተው ከፈለ፣ አንድ ነገር እንኳ ለእነሱም ይቅርላቸው!»