አባ መፈክር ከጠረጴዛ ላይ የወደቁበት ታሪክ

በዘመነ ሥልጣናቸው በመጀመሪያው ዓመት፣ የምረጡኝ ዘመን አልፎ የተመረጥሁ ዘመን በገባ ሰሞን፣ ፖስተሩ ከግድግዳ ሳይላጥ፣ ሙጫውም ሳይደርቅ፣ የተማሪዎች ኅብረት ፕሬዚዳንት፣ ባለ ግርማው፣ ያለ ማይክ ግቢ የሚያናውጡት፣ አባ መፈክር የሠሩትን ገድል እነሆ እንጽፋለን። ንዌጥን።

ወኮነ በይእቲ ዕለት፣ አዲስ ተመራጮች ሁሉ ለአመራር ሥልጠና ወደ መመገቢያ አዳራሽ ተጠሩ፤ አባ መፈክርም ከነሠራዊታቸው ዘመቱ። በቀኛቸው ቃለ ጉባኤ ያዥዋ፣ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ ድምፅ ካልተሰጠበት የማትመዘግበው፤ በግራቸው የባዶ ካዝና ጠባቂ በጅሮንድ፤ ቀጥሎ የስፖርት ተጠሪው፣ ክንዱ የበር መቃን የሚያህለው፤ ከሁሉም ኋላ፣ እጁን አጣምሮ፣ ምክትሉ አባ ቅሬታ። ይህ ሰው በምርጫው ለጥቂት ተሸንፎ፣ አቤቱታ ቢያስገባ ተሽሮበት፣ ደግሞ ቢያስገባ ደግሞ ተሽሮበት፣ ምክትልነቱን እንደ መራራ ኪኒን የዋጠ ነውና፣ ከአባ መፈክር ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ።

አሠልጣኟም፣ የኅብረቱን ቢሮ ቁልፍ በአንገቷ ያንጠለጠለች ጥብቅ ሴት፣ ጠዋቱን በቀስትና በክብ ሥዕል ስታደክማቸው ውላ፣ ከሻይ ዕረፍት መልስ፣ ብስኩቱ ገና በአፋቸው ሳለ አዋጅ አወጀች፦ «ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ አሰማ! መሪ ጠረጴዛ ላይ ይቆማል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ወደ ኋላ ይወድቃል፤ ጓዶቹ ይይዙታል። እምቢ ያለ ምስክር ወረቀት የለውም፤ ምስክር ወረቀት የሌለው ቁልፍ አያገኝም። ሰማችሁ? እኔ ቀልድ አላውቅም!»

ያን ጊዜ አባ መፈክር ከጠረጴዛው አንድ እርምጃ ሸሹ፤ «እኔን እመኑ!» ብለው ግቢውን ሁሉ ያሸነፉት ሰው፣ ራሳቸው ማንንም አያምኑም ነበርና፤ አክስታቸውም «ሰውን ማመን ቀብሮ ነው» እያለች አሳድጋቸዋለችና፤ ከኋላቸውም አባ ቅሬታ ቆሟልና። ነገር ግን እናታቸው ገና ላልመጣው ምስክር ወረቀት ፍሬም ገዝታ፣ ባዶውን ሳሎን ውስጥ ሰቅላዋለች፤ ጎረቤትም አይቶታል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ ወጡ። ጠረጴዛው ሲጥጥ አለ። ዓይናቸውን ጨፍነውም አወጁ፦ «ወንድሞቼ፣ እህቶቼ! እነሆ ጀርባዬ! ኧረ በናታችሁ ጠጋ በሉ!»

ሠራዊቱ ተጠጋ፤ እጁንም ዘረጋ። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ ግን ሕግ የሚጣስ መሰላት፤ ያልጸደቀ ነገር እንዴት ይያዛል? ብዕሯን መዝዛ አወጀች፦ «ፕሬዚዳንቱን እንያዝ የምትሉ፣ እጃችሁን አውጡ!»

ሁሉም አወጡ። በጅሮንዱ አወጣ፤ የስፖርት ተጠሪው ያን የመቃን ክንዱን ወደ ጣሪያ ሰቀለ፤ እሷም ብዕር በያዘ እጇ ራሷን ቆጠረች። እንዲህ ያለ ስምምነት ኅብረቱ ከተመሠረተ ጀምሮ ታይቶ አይታወቅም። አባ መፈክርም የሰፈነውን ጸጥታ ዝግጁነት ነው ብለው፣ ፈጣሪያቸውን ጠርተው፣ እንደ ግንድ ወደ ኋላ ተለቀቁ።

ወሶቤሃ በአዳራሹ ውስጥ ሥራ ያልያዘ እጅ የአንድ ሰው ብቻ ነበር። አባ ቅሬታ እንደ ልማዱ ድምፀ ተአቅቦ አድርጎ ነበርና፣ የተጣመረ እጁን ፈትቶ፣ ዘሎ ተቀበላቸው፤ ክብደታቸውም ከድምፃቸው አያንስምና ሁለቱም ወለሉ ላይ ተዘረጉ፣ ፕሬዚዳንቱ ከላይ፣ ምክትሉ ከታች። ከታች ሆኖም አወጀ፦ «አልመረጥኩህም፤ ነገም አልመርጥህም! ግን ሰው አናቱ ሲፈርጥ ቆሜ ልይ እንዴ? ተነሥልኝ እንጂ፣ ትንፋሽ አጠረኝ!»

አባ መፈክር ግን ቶሎ አልተነሡም። አፍረው ነበር፤ ደስም ብሏቸው ነበር። የመረጧቸው ሁሉ እጃቸውን እንደሰቀሉ ቆመው አዩ፤ ያልመረጣቸው ሰው ልብ ግን ከጀርባቸው ሥር ድው ድው ይል ነበር።

ቁልፉም ተሰጠ፤ ፍሬሙም ሞላ። አባ መፈክር ቁልፉን አስቀርጸው አንዱን ለአባ ቅሬታ ሰጡት፤ እሱም አሰጣጡ ሥርዓት አልተከተለም ብሎ አቤቱታ አስገብቶ ተቀበለ። ከዚያ ቀን ወዲህ በጉባኤ ድምፅ ሲሰጥ፣ አባ መፈክር አስቀድመው በዓይናቸው የሚፈልጉት እጁን ያላወጣውን ሰው ነው።

እንግዲህ ሌሎች በመውጣት ሲከበሩ በመውደቅ ለከበሩት፣ ጠረጴዛ ላልበገራቸው፣ ሙሉ ድምፅ አግኝተው ለተረፉት፣ ሰውን ሳይቀብሩ ላመኑት፣ ለአባ መፈክር ክብር ይሁን!