ቅዳሜ ቅዳሜ የሚወድቀው ሰው

በየቤተሰቡ አዲስ ነገር የተማረ አንድ ሰው አይጠፋም፤ የተማረውን የሚለማመደው ደግሞ በዘመድ ላይ ነው። የመጀመሪያ እርዳታ የሰለጠነ አጎት ካለህ፣ ቢላ ጣትህን ጫር ሲያደርግህ ክንድህን እስከ ብብትህ ጠቅልሎ ይሰድሃል። ፀጉር ማስተካከል የጀመረች የአክስት ልጅ የቤተሰቡን ወንድ ሁሉ ሁለት ወር ባርኔጣ ታስለብሳለች። ስለ ሰው ባሕርይ አንድ መጽሐፍ ያነበበውማ አይነሣ፤ ጨው አቀብለኝ ብትለው ከልጅነትህ ጀምሮ ምን እንደጎደለህ ይነግርሃል። ይሄ ሁሉ ግን ይቻላል። አያድርስ የሚባለው አንገት ማነቅ የተማረ ዘመድ ነው።

መኪና መንዳት የሚያስተምረው ሰውዬ እንዲህ ያለች ዘመድ አለችው። የታላቅ ወንድሙ ሚስት ናት። እሱ እትዬ ይላታል፤ ሰፈሩም ከሱ ሰምቶ እትዬ ይላታል። ልብስ ሰፊ ናት፣ ሃምሳ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ከነመቀሷ ከነሜትሯ ብትመዘን አርባ ሰባት ኪሎ አትሞላም። በዚህ ዕድሜና በዚህ ኪሎ ነው እንግዲህ ከስምንት ወር በፊት ብድግ ብላ የብራዚል ጁጂትሱ የተመዘገበችው። ጁጂትሱ ለማያውቅ ሰው፣ ሁለት ሰዎች ወፍራም ነጭ ልብስ ለብሰው፣ በቀበቶ ታጥቀው፣ ምንጣፍ ላይ እየተንከባለሉ አንዱ አንዱን የሚቆልፍበት ትግል ነው። ቡጢ የለም፣ እርግጫ የለም። የተቆለፈው ሰው በቃኝ ሲል በእጁ ሁለቴ መታ መታ ያደርጋል፤ ያን ጊዜ ያለ ምንም ክርክር ይለቀቃል።

ሰውዬው ወሬውን የሰማ ቀን ሳቁን መያዝ አቅቶት፣ ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አላት። እትዬ ከስፌት መኪናዋ ቀና እንኳ አላለችም። ዶሮዋ መታ መታ ብታደርግ ኖሮ አትሞትም ነበር አለችው።

ከዚያ በኋላ ማን ያስቁማት። ክብርት እትዬ የጁጂትሱን ጥቅም መስበክ ስትጀምር ሐኪም ቤቶች ቢዘጉ ይሻላቸዋል። ለወገብ ጁጂትሱ፣ ለእንቅልፍ ጁጂትሱ፣ ለደም ግፊት፣ ለትዳር፣ ለፈተና ፍርሃት ጁጂትሱ። ምስክር አምጪ ያላት ሰው አበቃለት፤ አብረዋት የሚሰለጥኑትን አንድ በአንድ ትዘረዝርለታለች። ባንክ መስኮት ላይ የምትሠራዋ ልጅ ድሮ ደንበኛ ሲጮህባት መጸዳጃ ቤት ገብታ ታለቅስ ነበር፤ አሁን ጩኸቱን ጨርሶ እስኪተነፍስ ትጠብቅና «ቀጥሎ» ትላለች። ጡረታ የወጣው የሒሳብ መምህር ከስንት ዓመት በኋላ የጫማውን ክር ራሱ ጎንበስ ብሎ አሰረ። መንገድ ላይ ሲሳደብ የሚውለው የታክሲ ሾፌር ደግሞ ጠዋት ጠዋት ስለሚታነቅ፣ ከሰዓት በኋላ ለስድብ የሚሆን ትንፋሽ አይተርፈውም። የስብከቱ መዝጊያ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ «ጉልበት አይደለም፣ አቀማመጥ ነው!» ይሄን ያልከፈተችበት የማርማላታ ክዳን፣ ያልፈታችበት የተወሳሰበ ክር የለም። ሱሪ ሊያሳጥር የመጣ ደንበኛ ሁሉ ሱሪውንና ይችን ቃል ይዞ ይሄዳል።

መንዳት አስተማሪውን ግን ሰላም የነሳው ስብከቷ አይደለም። ሥራው ራሱ ሰላም አይሰጥም። ከተማሪ ጎን ተቀምጦ ሃያ ዓመት ሙሉ ፍሬን ሲረግጥ ኖሯል፤ ዛሬ ሶፋ ላይ ተቀምጦ እንኳ ቀኝ እግሩ ወለሉን ይጫናል። ሚስቱ ፊልም አብራው ማየት ትታለች። በዚህ ላይ የጋሼ ነገር አለ።

ጋሼ ታላቅ ወንድሙ ናቸው፤ የእትዬ ባል። ትምህርት ቤት የላኩት፣ የመጀመሪያውን ጫማ የገዙለት እሳቸው ናቸው። ከዓመት ተኩል በፊት ስትሮክ መታቸውና የአልጋ ቁራኛ ሆኑ። ግራ ጎናቸው ቀረ። ንግግራቸውም ሄደና አንዲት ቃል ብቻ ተረፈቻቸው፤ «እሺ»። ውሃ ይጠጣሉ? እሺ። በረድዎት? እሺ። አመምዎት? እሺ። ዘጠና ሦስት ኪሎ ሰው፣ በአርባ ሰባት ኪሎ ሴት እጅ።

ቤተሰቡ ተሰበሰበ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ተባለ፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ፤ ከዚያ ሃምሳው ሰው ተረቱን ይዞ ወደየቤቱ ሄደ፣ ሎሚው እትዬ ጋ ቀረ። ዞር ብሎ ያየ ሰው ቢኖር መንዳት አስተማሪው ነበር። ከከተማው ዳር ያለ ንጹሕ የሕሙማን መንከባከቢያ ፈለገ፣ ሄዶ አልጋዎቹን ተጭኖ አየ፣ ፎርም ተቀበለ። የጎደለው የሚስት ፊርማ ብቻ ነበር። ጋሼንም ጠይቋቸዋል፤ እዚያ ቢሄዱ ምን ይመስልዎታል አላቸው። «እሺ» አሉ። እሱም ይችን እሺ በኪሱ ካለው ፎርም ጋር አጥፎ አስቀመጣት። የፈራው አንድ ነገር ነው፤ እትዬ አንድ ቀን ከጋሼ ጋር ትወድቅና ሁለት አልጋ ቁራኛ ይሆናሉ። ለዚህ ብሎ ነው እንጂ ወንድሙን ከቤቱ ማውጣት ለሱም ቢሆን እንደ እሬት ነው የመረረው።

ስለዚህ ቅዳሜ ቅዳሜ ፎርሙን ይዞ ይመጣል። ቅዳሜ ቅዳሜም፣ አፉን ሳይከፍት፣ ወለል ላይ ይገኛል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ ኮቱን ልትቀበለው የመጣች መስሎት ነበር። ኮሌታውን ያዘች፣ እግሯን ከእግሩ ኋላ አደረገች፣ ከዚያ ጣሪያውን አየ። በሁለተኛው ሳምንት ተጠንቅቆ በግድግዳው ታክኮ ገባ፤ እጁን ለሰላምታ ሲዘረጋ እጁ ብቻ ሳይሆን ሁለንተናው ሄደ። በሦስተኛው ለመቀመጥ ሲቸኩል ወንበሩ ሳይሆን ምንጣፉ ተቀበለው። ጎኑ ላይ ታገላብጠዋለች፣ ከኋላው ገብታ ታቅፈዋለች፣ እንደ ከረጢት ትጎትተዋለች፤ ሲብስበት ክንዷን ሁለቴ መታ ያደርግና ትለቀዋለች። ኮሌታው ከተቀደደ እዚያው በመኪና ትሰፋለታለች። «ይሄ ጨርቅ አይይዝም፣ ከየት ነው የገዛኸው?» ብላ ደግሞ ትወቅሰዋለች። ፎርሙ በኪሱ እየተጨማደደ ሁለት ጊዜ አስለወጠ። የመንከባከቢያው ጸሐፊ ምን ነካው ብላ ስትጠይቀው፣ ወደቅኩበት አላት፤ እውነቱን ነው።

ያናደደው ደግሞ እሱ ብቻ መሆኑ ነው። የእህታቸው ልጆች፣ ቀጫጭኖቹ፣ ሲመጡ ሻይ ይቀርብላቸዋል። ለነሱ ሻይ፣ ለሱ ምንጣፍ። ምን በድያት ነው እያለ ቅዳሜ ማታ ወገቡን እያሸ ያስባል። ፎርሙን አውቃብኝ ይሆናል፣ እየተበቀለችኝ ነው ይላል። መልሶ ደግሞ ድካሙ አእምሮዋን ነክቷት ይሆን እያለ ይፈራል፤ ይሄኛው ከሁሉ ይብስበታል።

በሰባተኛው ቅዳሜ ቆርጦ መጣ። በሩ ላይ እንደቆመ፣ ጫማውን ሳያወልቅ፣ ፎርሙን ፊት ለፊቱ እንደ ጋሻ ዘርግቶ ተናገረ።

«እትዬ፣ ዛሬ አልወድቅም። እባክሽ ፈርሚልኝ። እሳቸውን እንዲህ አይቼ አንቺን ደግሞ መድገም አልችልም።»

እትዬ መነጽሯን አደረገችና ከላይ እስከ ታች አነበበችው። ቀስ ብላ ነው ያነበበችው፤ የእሱ ቀኝ እግር ወለሉን ሲጫን ይሰማል። ጨረሰችና ሌሊት የሚያገላብጠው ማነው አለችው። ተረኛው አላት። ተረኛው ማነው አለች። ተረኛው ነዋ እትዬ፣ የዕለቱ ተረኛ አላት። የምትመልሰውን ሳይሰማ ከመኝታ ክፍሉ ዱብ የሚል ድምፅ መጣ።

ሮጦ ቀድሟት ገባ። ጋሼ ከአልጋው ተንሸራተው በአልጋውና በግድግዳው መሀል ወድቀዋል። ሰው የወደቀ ሰው ሲያይ የሚያደርገውን አደረገ፤ ብብታቸው ስር ገብቶ ባለ በሌለ ኃይሉ ወደ ላይ ሳባቸው። «ደህና ነዎት ጋሼ? አይዞዎት፣ ያዝኩዎት።» «እሺ» አሉ ጋሼ። አጥብቆ ሳበ። «እሺ፣ እሺ» አሉ። የሞተው ግራ ክንዳቸው በእጁ ውስጥ ተጠማዝዞ ነበር፣ እሱ ግን አላየም። ያን ጊዜ በደህናው እጃቸው ክንዱን ነኩት። ሁለቴ፣ መታ መታ።

እሳት እንደነካ ሰው ለቀቃቸው። ስድስት ቅዳሜ ሙሉ ምንጣፍ ላይ ተጋድሞ እሱ ራሱ ያደረገው ነው፤ ማንም እንዲተረጉምለት አላስፈለገም። ለቆ ሲያይ የጋሼን የተጠማዘዘ ክንድ አየ፣ ዓይናቸውንም አየ፣ ዓመት ተኩል ሙሉ እሺ ያሉትን ሁሉ አሰበ።

እትዬ ትከሻውን ገፋ አድርጋ አልፋው ገባች። ግራ ክንዳቸውን አቃንታ ደረታቸው ላይ አሳረፈች። በጎናቸው አገላበጠቻቸው፣ ጉልበታቸውን አጠፈች፣ ቁጭ አደረገቻቸው። ከኋላቸው ወለሉ ላይ ተቀምጣ በሁለት እጇ ደረታቸውን አቀፈችና በመቀመጫዋ እየተንፏቀቀች ወደ አልጋው ጠርዝ ወሰደቻቸው። የስፌት ዱካዋን ጎትታ መጀመሪያ እሱ ላይ አወጣቻቸው። ከዚያ ፊት ለፊት ዞረች፤ ደህናውን እግራቸውን በእግሯ ከለከለች፣ ለማንሻ ብላ ወገባቸው ላይ ያሰረችላቸውን ቀበቶ ያዘች፣ አንዴ ወዘወዘች፣ ሁለቴ ወዘወዘች፣ በሦስተኛው ጋሼ በገዛ እግራቸው ተነሡና ዞረው አልጋቸው ላይ ተቀመጡ። እትዬ ላቧን በክንዷ ጠረገች። እሱ እዚያው ግድግዳው ስር እንደ ተማሪ ቆሞ ነበር።

«የመጀመሪያ ቀን ያስተማሩን ማነቅ አይደለም፣ በቃኝ ማለት ነው» አለችው። «ያን ቀን ከዚያ እስከዚህ ሮጬ ነው የመጣሁት። ለሱ ላስተምረው።»

መንዳት አስተማሪው አልጋው አጠገብ ተንበረከከ። አንድ ጊዜ የጠየቀውን ጥያቄ እንደገና ጠየቀ።

«ጋሼ፣ ያ ያልኩዎት ቦታ... መሄድ ይፈልጋሉ?»

«እሺ» አለ የጋሼ አፍ። ቀኝ እጃቸው ግን ከብርድ ልብሱ ወጣና ፍራሹን መታ መታ አደረገ።

አለቀሰ። ዘጠና ሦስት ኪሎ የሚመዝን የአርባ አራት ዓመት ሰው የወንድሙን ጉልበት አቅፎ አለቀሰ፤ ጋሼም በደህናው እጃቸው ራሱን ዳበሱት። እትዬ ለቅሶ አትወድም፤ የሚታይ ሥራ ባይኖራትም ወደ ስፌት መኪናዋ ሄደች። ሲከተላት ፎርሙን አልቀደደችውም። አጥፋ የልብስ ልኮች በምታኖርበት መሳቢያ ውስጥ ከተተችው። ያቃተኝ ቀን እኔው ፈርሜ አመጣልሃለሁ፣ እስከዚያ እዚህ ይቀመጥ አለችው። ከዚያው መሳቢያ አንድ ያረጀ የወረቀት ልክ አወጣች። ሃያ ዓመት ሙሉ የሁለቱን ወንድማማች ሱፍ የቆረጠችበት ነው።

«ለምን እኔን ብቻ ትላለህ አይደል? ልካችሁ አንድ ነው። ትከሻው፣ ወገቡ፣ ኪሎው። ጁጂትሱ ቤት ያሉት ልጆች ሁሉ ላባ ናቸው፤ በነሱ ተለማምጄ እሱን ባነሣ እጥለዋለሁ። አንተ ብትወድቅ ግን ትነሣለህ። ላንተ ብነግርህ ደግሞ እሺ አትለኝም ነበር፤ እትዬ ወገብሽን ብለህ ትይዘኛለህ።»

እውነቷን ነው፣ ይይዛት ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ፣ አይ እኔ እረዳሽ ነበር ሊል ፈለገና ተወው።

በስምንተኛው ቅዳሜ መንዳት አስተማሪው ባዶ እጁን መጣ። ጫማውን አወለቀ፣ ኮቱን ሰቀለ፣ ሰዓቱን አወለቀ፣ ማንም ሳይነካው ምንጣፉ ላይ ተጋደመ። የመኝታ ክፍሉ በር ተከፍቷል፤ ጋሼ ትራስ ተደግፈው ያያሉ፣ ግማሽ ፊታቸው ይስቃል። በየት በኩል ልውደቅልሽ አላት። በግራ አለችው። ብብቱ ስር ገባች። ሰውዬው ግን አላስቻለውም፤ ያ ቀኝ እግሩ ወለሉን ረገጠ፣ ክንዱም ሳያስበው ወንበር ፈለገ። እትዬ ለቀቀችው።

«አትርዳኝ» አለችው። «እሱ አይረዳኝም። ዝም ብለህ ክበድልኝ።»

ሐኪሙ፣ ሚስቱ፣ ሚዛኑ ሳይቀር ዕድሜ ልኩን ቀንስ ሲሉት የኖሩት ሰውዬ፣ እግሩን ለቀቀ፣ ክንዱን ለቀቀ፣ አንገቱን ለቀቀ፤ በሙሉ ልቡ ከበደላት።